የታደለ እጅ

ያን ቀን አንዲት ፊደል ባላርም ኖሮ እሱ ይቀርልን ነበር? ይህን ጥያቄ ይዤው አረጀሁ። አዲስ የታተመ ወረቀት በሸተተኝ ቁጥር ይመጣል። ዛሬም የምኖረው የሰው ጽሑፍ እያረምኩ ስለሆነ፣ የማይመጣበት ቀን የለም ብል ይቀለኛል።

ይኸውልሽ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር በነበረው የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ። ያስተማረኝ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ከሐይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስቆጥረናል። አንድ ቀን ደብተሬን አነሣ። የጻፍኩትን «ሰ» በጣቱ ተከትሎ፣ «የኔዋ አንካሳ ናት፤ ያንቺዋ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። የታደለ እጅ ነው ያለሽ!» አለኝ። ከኋላ የተቀመጡት ባልቴቶች፣ «አንተ፣ ፊደሉን አስተምር እንጂ እጇን አትመኝ!» ብለው ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ አንድም ነገር አለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እጄን አላሳረፍኳትም። በከሰል፣ በስንጥር፣ እርጥብ መሬት ላይ በጣቴ ጻፍኩ። እሱ ከትምህርት ቤት ብሩሽና ቀለም ያመጣልኛል፤ አንዲት ፊደል ከተጣመመችብኝ ወረቀቱን ሙሉ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ባህል አዳራሽ ለበዓል የሚሰቀለውን መፈክር ሳይቀር እኔ ጻፍኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «አንቺ እኮ ማተሚያ ቤት ነሽ!» ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ይኸው ሊቀመንበር ለውትድርና የተመለመሉትን ልጆች ዝርዝር ሰጠኝ፤ ከበላይ የመጣ፣ በችኮላ የተጻፈ። ለሰሌዳ እንዲሆን በትልቁ ገልብጪው አለኝ። መሃል ላይ የአስተማሪዬን ስም አገኘሁ። የአባቱ ስም ግን «ታደለ» ይላል። አባቱ ታደሰ ነበሩ። «ለ»ና «ሰ» በጥድፊያ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። እጄ ከልቤ ቀደመች፤ «ታደሰ» ብዬ ጻፍኩ፤ ያውም አሳምሬ። ስሙ እንደተሳሳተ ቢቀር «እኔ አይደለሁም» ማለት ይችል እንደነበር የገባኝ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ሊቀመንበሩ ግን አጠገቤ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና ወረቀቱን ይዞት ሄደ።

ልጁ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አነበበና ዞሮ ሳቀልኝ። «ስሜ እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም» አለኝ። በሳምንቱ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልነካሁም።

ሁለት ክረምት አልፎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣ። እናቱ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ይሸጡ ነበር፤ ፊደል አያውቁም። የቀበሌ ሰዎች መርዶውን ሲያነቡላቸው፣ «ማን አላችሁ? የታደለ ልጅ? እኔ ታደለ የሚባል ባል አግብቼ አላውቅም! ሂዱና ሚስቱን ፈልጉ!» ብለው አባረሯቸው። ለቅሶ አልተቀመጡም። ወረቀቱን ግን አልጣሉትም፤ በደረታቸው ይዘውት እኔ ጋ ይመጣሉ።

«አንቺ አታጭበረብሪም፤ እስቲ አንብቢልኝ።»

ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ወረቀት እዘረጋለሁ። «ታደለ ነው የሚለው፣ እትዬ» እላለሁ።

«ተመስገን!»

ከበላይ በመጣው ዝርዝር ላይም ስሙ እንዲሁ ተሳስቶ እንደነበር ልብ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የሞተው የሌላ ሰው ልጅ አልነበረም።

ዘመኑ ሊያበቃ ሲል የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ መመለስ ጀመረ። እናቱም ገበያቸውን ትተው ከጠዋት እስከ ማታ መናኸሪያ ቆሙ፤ ከአውቶቡስ የሚወርደውን የያንዳንዱን ከሲታ ወታደር ፊት እያዩ። በስምንተኛው ቀን ስሄድ እግራቸው አብጦ አገኘኋቸው። እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን አወጡልኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን፣ ፊደሏን፣ እጄን።

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በድሮ እጥፋቱ አጠፉት። አንድ አውቶቡስ ገባ፤ ቀና ብለው አላዩትም።

«እንደተሳሳተ ብትተዪው ምን ነበረበት፣ ልጄ?» አሉኝ።

የሰሌዳውን ማለታቸው ይሁን የዚያችን ወረቀት፣ አልጠየቅኋቸውም።