ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሳቅ

ልጅ እያለሁ ሳቅ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ይኸን ሳወራ የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። የእኔ እኩያ ግን አይስቅም፤ እሱም እንደዚያ ይመስለው ነበርና።

በሰፈራችን የነበረችው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነበረች፤ የጋሽ መኮንን። ጋሽ መኮንን ከሰሜን ወደ አዋሳ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ የሚቆልፍ። ቴሌቪዥኗ እግርና በር ያላት ሣጥን ነበረች። በላይዋ ሚስቱ እትዬ አስካለ የሠራችው ነጭ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዜናው ካለቀ በኋላ የአሜሪካኖቹ ተከታታይ ፊልም ይመጣል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እግሩን ታጥቦ በር ላይ ይሰለፋል፤ ያልታጠበ አይገባም። ኮንጎ ጫማችንን ደጅ ደርድረን እንገባና ስንወጣ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ እንጣላለን። ሣጥኗ ስትሞቅ የተቃጠለ አቧራ ትሸታለች። ያ ሽታ ከወለሉ ሰም ጋር ተቀላቅሎ ለእኔ የአሜሪካ ሽታ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ አሜሪካ ሲባል አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

አንቴናው ግቢው ውስጥ በቆመ የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ ታስሯል። ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ አሜሪካኖቹ ይበተኑና ነጭ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ያኔ አንዳችን ወጥተን ግንዱን አቅፈን እናዞራለን፤ ከቤት ደግሞ ይጮሁብናል።

«ትንሽ ወደ ቱላ!»

«ኧረ በዛ! ወደ ሐይቁ መልሰው!»

«ያዝ! እዚያው! እንዳትተነፍስ!»

ብዙ ጊዜ ወጪው እኔ ነበርኩ፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ግንድ ማቀፍ አይከብደውም ይሉኛል። ስንቱን ፊልም እንዳልተነፍስ ተብዬ ውጪ ቆሜ አሳለፍኩት።

ፊልሙ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። አባትየው ከሥራ ሲመጣ ባርኔጣውን በሩ አጠገብ ይሰቅልና ሚስቱን ሰው ፊት ይስማል። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች፤ በነጠላው ውስጥ ግን ታያለች። ልጁ የእኔ እኩያ ነው። ያጠፋል፤ እኛ ቤት ቢሆን ቀበቶ የሚያስፈታ ጥፋት። አባትየው ግን በርከክ ይልና ዓይኑን ከልጁ ዓይን አስተካክሎ ቀስ ብሎ ያናግረዋል። አንድ ቅዳሜ ራሱ አባትየው አጥፍቶ ኖሮ፣ እንደዚያው በርከክ ብሎ አንድ ነገር አለ።

«ይቅርታ ጠየቀው» ብሎ ጋሽ መኮንን ተረጎመልን። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ምን ያህል እንደሚያውቅ እግዜር ይወቅ።

ጎረቤቴ ተሾመ ከወለሉ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! አባት ይቅርታ ይላል እንዴ? አባቱ ሳይሆን አጎቱ ይሆናል!»

እኔን የበላኝ ግን ይቅርታው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት አባትየው የልጁን ጸጉር በእጁ ያሻሽና ወደ ትምህርት ቤት ይሸኘዋል። እኔ በዚያ ሰዓት ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ የዓሣ ቅርፊት እፍቃለሁ።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ። ፊልሙ መሐል በየጥቂቱ ሳቅ ይፈነዳል። የብዙ ሰው ሳቅ፣ የወንድ፣ የሴት፣ ሰዎቹ ግን አይታዩም። እነማን ናቸው ብለን ጠየቅን። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነችው እትዬ አስካለ ደረቷን ነፋ አድርጋ «የእኛ ሰዎች ናቸዋ! እነሱ እንግሊዝኛ ስለሚገባቸው ቀድመው ይስቃሉ» አለችን። አመንን። ለምን አናምን? ዜናው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሹሙ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሳቁስ ለምን አይመጣም? ከዚያ ወዲያ እነሱ ሲስቁ እኛም ተከትለን እንስቃለን። ያልሳቀ እንደ ደንቆሮ ይታያል። የማይገባህን ነገር ተሽቀዳድመህ መሳቅ፤ ከዚያች ሣጥን የተማርነው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው። ዛሬም ስብሰባ ላይ ስንቱ ትልቅ ሰው ሲያደርገው አያለሁ።

አባቴ ሲዳማ ነው፤ አማርኛው ዓሣ ለመሸጥ እንጂ ለሙግት አይበቃም ነበር። በአፌ እርስዎ ነው የምላቸው፤ እዚህ ግን እንደመጣልኝ ልጻፍ። እናቴ ልጄ ይማር ብላ ብትለምነው፣ ብታስለምነው፣ መረቡን ማን ይስብልኛል ይላል። የዚያን ዓመት ምዝገባ ሊዘጋ ሲል አንድ ዘዴ መጣላት። አባቴ ጋሽ መኮንንን ያከብራል፤ ደንበኛው ነው፤ ዓሣ ሲገዛ አይከራከርም። ስለዚህ ሄዳ ነገረችው። እሱም «ቅዳሜ ማታ ይምጣ፤ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ልጁን እኔ አስመዘግበዋለሁ» አላት። እኔ ደግሞ በሆዴ ቅዳሜ መሆኑ ደስ አለኝ። አባቴ ያንን አባት ያየዋል ብዬ። ካየው እንደሱ ያደርጋል ብዬ።

አባቴ ያን ቀን ገላውን ሐይቁ ላይ ታጠበ። ካፖርት ከወንድሙ ተዋሰ። ትልልቅ ቆሮሶ ዓሣ በቄጠማ ሰክቶ ይዞ ገባ። ልጁ ሁሉ ወለሉ ላይ ተኮልኩሏል፤ ፊልሙ ጀምሯል። እትዬ አስካለ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ሶፋው ላይ» አለችው። ሶፋውም ዳንቴል ለብሷል። አባቴ የዓሣ ሽታው እንዳይነካው ብሎ መሰለኝ ጫፉ ላይ ብቻ ለጠፍ አለ።

ገና ከመቀመጡ ሳቁ ፈነዳ። ቤቱም ተከትሎ ሳቀ።

አባቴ ደንግጦ ተነሳ። ሳቁ አሁንም ፈነዳ። ዓሣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ እኔ በልጅ ጉዳይ…» ከማለቱ ከቅድሙ የባሰ ሳቅ መጣ። ልጁ ሁሉ ሆዱን ይዟል። ጋሽ መኮንን ዓይኑን ከሣጥኑ ሳይነቅል ጥርሱ ገጥጧል። እኔ አልሳቅኩም፤ የአባቴን ፊት ነበር የማየው። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና በሲዳምኛ ጠየቀኝ።

«እነማን ናቸው የሚስቁት?»

«እዚህ ያሉት አይደሉም አባባ» አልኩት። የማውቀውን እውነት ነው የነገርኩት። «አዲስ አበባ ያሉት ናቸው።»

«አዲስ አበባ ያሉት?» ሣጥኑን አየ። «ከዚያ ሆነው ያዩኛል?»

ይህን አስቤበት አላውቅም። «እንጃ» አልኩ።

ዓሣውን በሰም በተወለወለው ወለል ላይ በቀስታ አስቀመጠና እጄን ያዘኝ። ጋሽ መኮንን ያኔ ነው የነቃው፤ «ኧረ ወዴት? ኧረ ወንድሜ!» እያለ እስከ በር ተከተለን። አባቴ ዞር ብሎም አላየው። ኮንጎዬን ሳላነሳ በባዶ እግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፤ «ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው በሰው መሳቅ ነው የሚማረው። ዓሣ በሰው አይስቅም።»

በነጋታው ጋሽ መኮንን ወደ እናቴ መልእክት ላከ፤ ማንም አልሳቀበትም፣ በይ አስረጂው ብሎ። አባቴ መረቡን እየጠገነ «ታዲያ ማን ነው የሳቀው?» አለ። እትዬ አስካለም ያቺን አዲስ አበባዋን ደግማ አላነሳቻትም። ምዝገባው አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ነገሩን አነሳች፤ አባቴ መረቡን አነሳ። ከዚያ ወዲያ ለጋሽ መኮንን ዓሣ አልሸጠለትም፤ በሱ ደጅም አልፎ አያውቅም። እኔን ሐይቁ አሳደገኝ። እስከ ጎልማሳነቴ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበረች።

ተሾመ ተማረ። አሁን ቢሮ አለው። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥና «ያንን ፊልም ታስታውሰዋለህ?» ይለኛል፤ ሰዎቹ ይሉት የነበረውን በእንግሊዝኛ እየጠቀሰ ይስቃል። እኔ የማስታውሰው ግንዱን ነው። እኩዮቼ እነዚያን የአሜሪካ ፊልሞች ሲያነሱ ዓይናቸው ይንከራተታል። አንዱ አሠለጠኑን ይላል፣ ሌላው አበላሹን ይላል። ሁለቱም ዝም ቢሉ ይሻላቸዋል። ፊልሞቹ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ መስታወት ውስጥ ሌላ አባት አስቀመጡልን። ከዚያ በኋላ የየቤታችን አባት፣ ምስኪን፣ ምን ቢያደርግ ጎደሎ ሆነ። እኛም ወልደን አባት ስንሆን እንደዚያኛው ልንሆን ሞከርን፤ አላወቅንበትም። እንደ ቤታችን አባት ለመሆንም አፈርን። ይኸው መሐል ላይ ቀረን።

ፊደል የቆጠርኩት በቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ። አስተማሪያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። አንድ ቀን ከልጅነታችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ አለችን። እኔ ‘ሳቅ ከአዲስ አበባ ይመጣ ነበር’ ብዬ ጻፍኩ። አነበበችና ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የተቀዳ ሳቅ ነው» አለችኝ። «ለብቻው ቀድተው ፊልሙ ላይ የሚጨምሩት።»

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰው አይደለም። አዲስ አበባም አይደለም። ቴፕ ነው። ትምህርቴን ቴፕ በላው።

እሑድ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ ሄድኩ። አባቴ እናታችን ከሞተች ወዲህ እህቴ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ከእንሰቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ጆሮው ደክሟል፤ አጠገቡ ሆኜ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

«አባባ፣ ያን ቀን ጋሽ መኮንን ቤት የሰሙት ሳቅ የቴፕ ነው።»

«የምን ቴፕ?»

«አሜሪካኖቹ ሳቅ ቀድተው ያስቀምጣሉ። ፊልሙ ላይ ይጨምሩታል። ሰው እንዲስቅ።»

«ያልሳቀ ሰው ሳቅ?»

«ሌላ ቀን የሳቀ ሰው ሳቅ።»

አሰበ። «እንግዲያ የሞተ ሰውም ይኖርበታላ» አለ።

«ይኖርበታል።»

«ልጆቹስ? እዚያ ወለሉ ላይ የነበሩትስ?»

«እነሱም ቴፑን ተከትለው ነው። በእርስዎ አይደለም።»

አፉ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የረሳኝ መሰለኝ። በኋላ «እናትህ ማንም አልሳቀብህም ብላኝ ነበር» አለ። «ስትደጋግም፣ ስትደጋግም። እስክትሞት። አላመንኳትም።»

ጠበቅኩ። አንድ ሌላ ቃል ጠበቅኩ፤ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ እንደ ልጅ። በርከክ እንዲል አይደለም፤ ጉልበቱም አይታጠፍለትም። ዝም ብሎ አንዲት ቃል።

«አሁን ታነባለህ?» አለኝ።

«ቀስ ብዬ።»

«ሰው ቀስ ብሎ ካነበበ ይበቃል» ብሎ ምርኩዙን ፈለገ። አንስቼ ሰጠሁት። ይበቃል ያላት ነገር ግን እስከ ከተማ ድረስ ባጃጁ ውስጥ አንገበገበችኝ። አይበቃም። ለእሱ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ከዚህ በላይ የሚሰጠኝ የለውም።

ዛሬ ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች በየግድግዳው ቴሌቪዥን ሰቅለዋል፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔም ቤት ያለችው ከያኔው በራችን ትሰፋለች። ልጆቼ ግን እያንዳንዳቸው በየእጃቸው ያለውን ነው የሚያዩት፤ ጆሮአቸውን ደፍነው፣ በየማዕዘኑ። ሲስቁ ለየብቻቸው ነው፤ ማን እንዳሳቃቸው አላውቅም። እግር ታጠቡ የሚል የለም፤ ግንድ የሚያቅፍ የለም። ያኔ ይሻል ነበር አልልም፤ ያኔ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁና። ግን ቢያንስ በአንድ ቤት ሆነን ነበር የምንሞኘው።

ትንሿ ልጄ ብቻ አንዳንድ ማታ ትጠራኛለች፤ «አባዬ፣ የእናንተን ዘመን ፊልም አገኘሁልህ» ትላለች። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከሥሩ አማርኛ ተጽፏል። መነጽሬን አጠልቅና እጀምራለሁ። የመጀመሪያውን ቃል አነባለሁ፣ ሁለተኛውን አነባለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መስመሩ ይጠፋና ሌላ ይመጣል። የተናገረው ሰውዬ ከቤት ወጥቷል፤ እኔ ገና ሲገባ ያለው ላይ ነኝ። ልጄ ጣቷን ስልኩ ላይ ታዘጋጅና «ላቁመው፣ አባዬ?» ትለኛለች።

«ተዪው» እላታለሁ። «ይሂድ።»