ማዳም የማይለምኑበት ገበታ

በደርግ ዘመን፣ አስተማሪ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን ውጭ እበላ ነበር። ይህ ዛሬ ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። ያላገባች ሴት ብቻዋን፣ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ከፊቷ አስቀምጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ምግብ ቤት ስትበላ መታየቷ ግን በሰፈራችን ከአብዮቱ በፊትም ነውር ነበር። አብዮቱ ነውሩን አልሻረውም፤ የፖለቲካ ስም አወጣለት እንጂ።

ምግብ ቤቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት፣ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቷ ስፔናዊት ባልቴት ናቸው፤ ሁሉም ማዳም ይላቸዋል። ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀረችላቸው ይህች ቤት ብቻ ነበረች፤ ከላይ ይኖሩባታል፣ ከታች ያበስሉባታል። በአገራቸው ልማድ አንድ ትልቅ ሳሕን አይቀርብም። ትንንሽ ሳሕኖች በየተራ ይመጣሉ፦ በእንቁላል የተጋገረ ድንች፣ ከቆስጣ ጋር የተሠራ ሽንብራ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም የታሸበት የተጠበሰ ዳቦ፣ ሲገኝ ደግሞ የዝዋይ ዓሣ። ምግቡ ይኸው ነው፤ ከኋላው የሚከተል ሌላ የለም። የወይራ ፍሬ ከከተማው በጠፋ ጊዜ ማዳም ወደ ተራራው እያዩ «ይህን ሁሉ ወይራ አብቅሎ ለወፍ ብቻ!» እያሉ እንጦጦን ይወቅሱት ነበር።

ይህን አበላል የለመድኩት ማድሪድ ስማር ነው። ያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው አንድ ጄኔራል ነበር። ሰዎቹ ስለ መንግሥት ሲያወሩ ያንሾካሽካሉ፣ ስለ ምግብ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ከአንድ ጄኔራል አገር ወደ ብዙ ሻለቆች አገር ስመለስ፣ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ምሳ ላይ አለመፍራት ነበር።

በማዳም ቤት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ ሰው አይለመንም። በእኛ ዘንድ የጨዋ ልጅ ምግብ ሲቀርብለት «በቃኝ» ይላል፤ ጋባዡ ደግሞ «በሞቴ» ብሎ ይለምነዋል፣ ሲብስም ያጎርሰዋል። «በቃኝ» ማለት «ለምኑኝ» ማለት ነው። ማዳም ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ እዚህ ኖረዋል። «ትልቅ ሰው አፉ የሚለውን ያውቃል» ይላሉ እንጂ። በቃኝ ላለ እንግዳ ሳሕኑን ያነሡበታል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያችን ቤት ለውይይት አዳራሽ ፈለጋት። ለመውረስ ግን አንድ ነገር ጎደለው፤ ቤቷ የአድኃሪያን መሰብሰቢያ ናት ብሎ በሕዝብ ፊት የሚመሰክር የተማረ ሰው። ሰውየው ጎረቤቴ ነበርና አንድ ማለዳ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጓዲት፣ አንቺ የዚያ ቤት ደንበኛ ነሽ። ቅዳሜ እኛም መጥተን በዓይናችን እናያለን። እሑድ ስብሰባው ላይ ተነሥተሽ የምታውቂውን ትናገሪያለሽ።»

«ባልናገርስ?»

«ማስተማሩን ለሚናገር ሰው መስጠት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ቀልድ አልነበረም። ቀበሌው ስለ እኔ ክፉ ቃል ካስተላለፈ ከማስተማር እንደምነሣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ካኪውን አስተኩሶ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ተቀመጠ። አባሉ ባለ ሱቅ ነው፤ ሙስሊም በመሆኑ ማዳም ሥጋ የነካው ነገር አላቀረቡም። በእንቁላል የተጋገረው ድንች መጣ። ሊቀመንበሩ ከጫፉ ቆርሶ ቀመሰና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በቃን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ማዳም «እሺ» ብለው አነሡት። ሽንብራው መጣ። ባለ ሱቁ ገና እጁን ሲዘረጋ ሊቀመንበሩ «ኧረ በልተን ነው የመጣን!» አለ። ሽንብራውም ሄደ። ዳቦውም እንዲሁ። ከዚያ ሊቀመንበሩ የወጥ ቤቱን በር ማየት ጀመረ።

«ዋናው መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መጥቶ ሄደ።»

«የቱ?»

«በቃን ያሉት።»

ባለ ሱቁ ራሱን ያዘ። «ወይ ጉድ! ሊቀመንበር፣ አንተ ስትግደረደር እኔን በረሃብ ፈጀኸኝ እኮ!»

ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር፦ «በሞቴ»። ለምንቃቸው ሰዎች ሁሉ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። አላልኩም። የራሴን ሳሕን ወደ ራሴ ሳብኩና በፊታቸው፣ ሳልቸኩል በላሁ።

እሑድ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሊቀመንበሩ «ጓዲት ስለዚያ ቤት የምትነግረን አላት» ብሎ ቃሉን ሰጠኝ። ተነሣሁ።

«ያየሁትን እናገራለሁ። ጓድ ሊቀመንበር ትናንት እዚያ ቤት ገብተው ነበር። ምግብ ቀረበላቸው፣ በቃኝ አሉ። ሌላ ቀረበላቸው፣ በቃኝ አሉ። ተርበው ወጡ። አድኃሪነት በሳሕን ቀርቦ እንደሆነም እሳቸው አልቀመሱትም። ሌላ ያየሁት የለም።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ አንድ በሞቴ የሚል ሰው ይጥፋ!» አለች። አንድ ሽማግሌ ተቀበሏት፦ «ሾላ ገበያ ላይ ከነጋዴው ሲቀበል እንኳ በቃኝ ሲል ሰምተነው አናውቅም!» ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ መፈክር አስጀመረ፤ የተቀበለው ጥቂት ሰው ነው። ቤት የሚወረሰው በጭብጨባ ነበር፤ ከእንዲያ ያለ ሳቅ በኋላ ደግሞ ጭብጨባ አይገኝም። የማዳም ጉዳይ ሳይነሣ ስብሰባው ተበተነ።

የእኔ ጉዳይ ግን አልቀረም። ሳይውል ሳያድር ከክፍል አስወጥተው መጋዘን ውስጥ የመጻሕፍት አቧራ እንዳራግፍ መደቡኝ። ተማሪ ፊት ዳግመኛ አልቆምኩም። «ለድንችና ለእንቁላል ብለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሚጠይቁኝ የሊቀመንበሩን የ«ዋናው መቼ ነው» ጥያቄ ነው፤ ለእነሱም ለእሱ ከሰጠሁት የተለየ መልስ የለኝም።

በተከታዩ ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ደንበኛው ሁሉ ፈርቶ ቀርቷል። ማዳም እንደ ወትሮው ጥጉን ሊሰጡኝ ሲሉ ጠረጴዛዬ ወደ በረንዳው፣ መንገድ ዳር እንዲወጣልኝ ጠየቅኋቸው። ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን አወጣነው። ገና አንድ ጉርሻ እንደበላሁ ሊቀመንበሩ ከጓዶቹ ጋር ከላይ ሲወርድ አየሁት። ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ሊያልፈኝ ሲል ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤

«እንብላ!»

በአገራችን እንብላ የተባለ ሰው መልስ ሳይሰጥ አያልፍም። ጓዶቹ ቆሙ። በየደጃፉ የነበረው ሰው ሁሉ ያያል። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያየ፣

«ብዪ» አለ።

በላሁ።