ሐይቁን ቀስ ብለን ስንሻገር

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ለስፌት የሚሆን ሣር ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲሸተኝ ዝዋይ ሐይቅ ትዝ ይለኛል። በሐይቁ መካከል ካሉት ደሴቶች አንዷ፣ ጸጥ ያለችው፣ የእናቴ አገር ናት። ልጅ ሳለሁ አያቴ ታማለች ሲባል እናቴ አዲስ ሞሰብ ገዝታላት፣ እኔንም ይዛኝ ተነሣች። ድሬዳዋ በአውቶቡስ ወረድን፤ ከዚያ በባቡር ሞጆ፣ ከሞጆ በጭነት መኪና ሐይቁ ዳር ደረስን።

በደንገል ታንኳ የተቀበሉን የእናቴ አጎት ነበሩ። ደንገሉ ልክ እንደዚህ እርጥብ ሣር ይሸታል።

“አንተ የሐረር ልጅ፣ ዋና ትችላለህ?” አሉኝ።

“አልችልም።”

“እንግዲያው ዓሣው ዛሬ ጠግቦ ያድራል!”

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

“ጋሼ፣ እማዬ እንዴት ናት?” አለች እናቴ።

“መንገዱ አድክሞሻል። ዛሬ እረፊ፤ ጠዋት እንጫወታለን።”

እናቴ ሞሰቡን ከጭኗ አላወረደችም። “እንግዲያውስ ቀስ ብለው ይቅዘፉ” አለቻቸው። ውኃውን የፈራች መሰለኝ። አጎቷ መቅዘፊያውን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ታንኳዋ ብቻዋን ተንሳፈፈች።

ጎህ ሲቀድ በለቅሶ ድምፅ ነቃሁ። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ እንደማይነገር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ግን ገና ታንኳዋ ላይ ሳለች አውቃ ነበር።

አሁንም ሣሩ ከተነከረበት ደጃፍ ስደርስ፣ ቤቴ ቅርብ ቢሆንም፣ እርምጃዬን ቀስ አደርጋለሁ።