የአበበች የክርስትና ስም

ፈንታነሽ የጥጥ ክሩን ጭኗ ላይ ታከርረዋለች፤ ከዚያ ከቀለጠው ሰም ነክራ ታወጣና በሁለት ጣቶቿ ከላይ እስከ ታች ጭምቅ አድርጋ ትስበዋለች። ሰሙ ከእብናት ሳይጣራ የመጣ ስለሆነ አልፎ አልፎ የንብ ክንፍ ይገኝበታል፤ እሱንም በጥፍሯ ለቅማ ታወጣዋለች። ሠላሳ ዓመት ጧፍ ስትሠራ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ሕፃን ለስልሷል። መታወቂያ ስታወጣ አሻራዋ አልነበብ ብሎ ጸሐፊው ሦስት ጊዜ አስደግሟታል።

የሰፈራችንን ሰው ሁሉ የክርስትና ስም የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። የክርስትና ስም በቀላሉ ለሰው አይነገርም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል ተብሎ ይፈራል። ለፈንታነሽ ግን ይነገራል። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ቤት ለቤት ዞራ የታመመውን፣ ዓረብ አገር ያለውን፣ ፈተና የሚፈተነውን ስም ትጽፍና በምህላው እንዲታሰቡ ለነፍስ አባቷ ለቄስ አምላኩ ትሰጣለች። የሰው ስም ከአፏ አይወጣም። የራሷንም ለማንም ነግራ አታውቅም።

ያን ዓመት ቄስ አምላኩ ገና ስም መሰብሰብ ሳትጀምር አስጠሯትና "ዘንድሮ አበበች አለችበት?" አሏት።

አበበች አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ከሰፈሩ ሁሉ የክርስትና ስሟን ለፈንታነሽ ነግራ የማታውቅ እሷ ናት። ባለፈው ፍልሰታ የአበበች ዶሮ ገብታ ለሱባኤው የተዘፈዘፈውን ሽንብራ በተነችው፤ ፈንታነሽ ማማሰያ ወረወረችባት፤ ዶሮዋ አነከሰች። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ሰላምታ የለም። ዶሮዋ ግን እንደ ከሳሽ በየጧቱ በፈንታነሽ ደጅ እያነከሰች ታልፋለች።

"‘ጎረቤቴ’ ብዬ ልጻፋት፣ አባ?"

"እመቤታችን የትኛዋ ጎረቤት ብላ ትጠይቅ? ስሟን ይዘሽ ነይ። ለተጣላሻት ሳትጸልዪ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቁርባን የለም።"

ፈንታነሽ አንድም ፍልሰታ ሳትቆርብ ቀርታ አታውቅም፤ ዘንድሮ ብትቀር ሰፈሩ ምን ይላል? ያም ሆኖ መታረቅ አላማራትም። ቄሱ ያሉት ጸልዪ ነው፤ አናግሪያት አላሉም። ስለዚህ ከአበበች ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ስሙን ብቻ ለማግኘት ቆረጠች።

መጀመሪያ የአበበችን ልጅ የምስራችን ሞከረች። የምስራች ከቤይሩት ተመልሳ መንገድ ዳር ሱቅ ከፍታለች። ፈንታነሽ የማያስፈልጋትን ሳሙና እያገላበጠች፣

"እናትሽ ክርስትና ማን ነበር የተባለችው? እንዲያው ጠፋብኝ" አለች።

"እትዬ፣ እማዬ ለኔም አልነገረችኝ። ቤይሩት ሆኜ ለስለት ብጠይቃት ስልክ ይጠለፋል ብላ ዘጋችብኝ" አለች የምስራች። ከዚያ አፏን ይዛ ሳቀች። "ሳሙናውን ልጠቅልልዎት?"

ሳሙናውን ገዝታ ወጣች፤ ምን እንዳሳቃት ግን አልገባትም።

ነሐሴ አንድ ቀን ጧት፣ ምህላው ሳይጀመር ዝርዝሩን ማድረስ ነበረባት። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። አበበች ጸበል እንደምትጠመቅ ሰምታለች፤ የሚያጠምቁት አባት ደግሞ ስመ ክርስትና ይጠይቃሉ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ፈንታነሽ እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከአበበች ኋላ ተሰለፈች። እኔ አራተኛ ነበርኩ።

"ስመ ክርስትናሽ?" አሉ አጥማቂው አባ።

አበበች ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። ፈንታነሽም ጠጋ አለች። አበበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ፈንታነሽ አንገቷን አሰገገች፤ እግሯ አዳለጣትና አበበች ጀርባ ላይ ዘፍ ስትል ባልዲ ሙሉ ቀዝቃዛ ጸበል በሁለቱም ላይ ወረደ። ነጠላው ከፊቷ ተገፈፈ።

"አንቺ ነሽ! ስሜን ለጠንቋይ ልትሸጪ!"

"ምን ጠንቋይ? ለማርያም ነው!"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ለማርያም ምን ልትያት?"

"ካልጸለይኩልሽ አትቆርቢም ተባልኩ። ወድጄሽ እንዳይመስልሽ!"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ቄስ አምላኩ ናቸዋ።"

አበበች ውሃውን ከፊቷ ጠረገች። "እኔንስ ማን ያለኝ ይመስልሻል? ወር ሙሉ፣ ከልጄ ጀምሮ፣ ስምሽን ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የሚያውቅ አንድ ጠፋ! ምን ዓይነቷ ድብቅ ነሽ?"

ሁለቱም ከሰልፉ ወጡ። ከዚያ እዚያው ወይራ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን ይጨምቁ ጀመር።

"በይ ንገሪኝ" አለች ፈንታነሽ።

"አንቺ ቅደሚ። ዶሮዬን የሰበርሽው አንቺ።"

"ሽንብራዬንስ ማን በላው?"

በመጨረሻ እኩል ለመናገር ተስማሙ። ጆሮ ለጆሮ ሲጠጋጉ ግንባራቸው ተጋጨ፤ እኩል ስላንሾካሾኩም አንዷም አልሰማች። ደገሙት። ሁለተኛው ላይ ሁለቱም ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያቺ አንካሳ ዶሮሽ እንቁላል ትጥላለች?" አለች ፈንታነሽ።

"ዱሮ ስትዞር ትውል አልነበር? አሁን እግር የላት፣ ቁጭ ብላ ትጥላለች።"

"እንግዲያው አመስግኚኛ!"

የዓመት ወሬ ነበረባቸው፤ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ግድግዳ በዝናብ እንደወደቀ። ደወሉ ተደወለ። የእግዚኦታው ድምፅ ተሰማ፤ ቆይቶም ዝም አለ። የሰፈሩ ሰው ስም እዚያው ነጠላዋ ጫፍ ላይ፣ እንደተቋጠረና እንደራሰ፣ ቄስ አምላኩ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። የኔም ነበረበት።