ሳይነኩት የሞተው ባትሪ

ዳንግላ ጋራዥ የተቀጠርኩ ቀን ሱሪዬ ተበሳ። የጋራዡ አለቃ ካቦ ይርጋ ይባላሉ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ የጭነት መኪና ባትሪ አሸከሙኝና «ወዲያ ማዶ አድርሰው» አሉኝ። ግቢውን ሳቋርጥ ጭኔ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ውሃ መስሎኝ ነበር። ለምሳ ስወጣ ሱሪዬ ወንፊት ሆኗል።

«አሲድ ነው» አሉ ካቦ። «እንኳን ደህና መጣህ።»

ሌላ ሱሪ አልነበረኝም። እናቴ አይጥ የበላው መስሏት ከጎረቤት ድመት ልትዋስ ወጣች።

ካቦ ይርጋ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያኖች ነው፤ ወሬ አይወዱም። በመጀመሪያው ወር የነገሩኝ ይህን ያህል ነው፦ ባትሪ ደረትህ ላይ ለጥፈህ አትሸከም። አሲድ ስትበርዝ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳትጨምር። ባትሪ በሚሞላበት ክፍል ሲጋራ አይጨስም፤ ከባትሪው የሚወጣው ትንፋሽ እሳት ይይዛል። ይህን የመጨረሻውን እሳቸውም አያከብሩት፤ ቅንድባቸውም ግማሽ ነበር።

ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይመጣል፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ የክረምት ዝናብ እንጠቀም ነበር። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደውን ግን አይደለም፤ ዝገት ያለበት ውሃ ባትሪ ይገድላል። ሜዳ ላይ ንጹሕ ጋን ደቅነን ከሰማይ የመጣውን ብቻ እንቀበላለን። የዛሬ ልጆች የቧንቧ ውሃ ጨምራችሁ «ባትሪው ጥራት የለውም» ስትሉ እሰማለሁ። ጥራት የሌለው ማን እንደሆነ ብናገር ትቀየሙኛላችሁ።

በሁለተኛው ዓመት የጥርባን ሐይቅ ሊለኩ የውሃ ጥናት ሠራተኞች መጡ። አለቃቸው አቶ ሰሎሞን የሚባሉ ወጣት መሐንዲስ ነበሩ። ጀልባቸው ላይ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ተገጥሟል። መሣሪያው ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ የሐይቁን ወለል ነክቶ ሲመለስ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ጀልባዋ ላይ ደግሞ ባትሪ የሚሞላ ምንም ነገር የለም።

አቶ ሰሎሞን ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ ፈልገው ጋራዣችን መጡ። ካቦ ሁለት አወጡላቸው። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ለእጅ ቀላል። ሌላው ጥቁር፣ አስቀያሚ፣ ለሁለት የሚነሣ።

«ይሄኛው በምኑ ይሻላል?» አሉ አቶ ሰሎሞን ጥቁሩን እያዩ።

«በክብደቱ» አሉ ካቦ።

እውነታቸውን ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ያለውን ባንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ወዲያው ዲናሞው ይተካለታል። የጀልባው መሣሪያ ግን ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሽ ይጠባል። ለእንዲህ ያለ ሥራ በውስጡ ወፍራም እርሳስ ያለው ባትሪ ነው የሚበረክተው፤ እርሳስ ደግሞ ይከብዳል። እኔም ከዚያ ወዲህ ለጀልባ ባትሪ ስመርጥ አስቀድሜ የማየው ክብደቱን ነው።

ጥርባ ወርጄ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማዕበል እንዳያገላብጠው በእንጨት ሣጥን አድርጌ በጠፍር አሰርኩት፤ ሣጥኑንም ለትንፋሹ በሳሁለት፤ ሽቦ የሚታሰርባቸውን ራሶቹን እንዳይዝጉ ግራሶ ቀባሁ። የጀልባዋ ጠባቂ አያ ቢተው የሚባል የአካባቢው ገበሬ ነበር። ባትሪው ሲደክም ገለባ በተነጠፈበት ሣጥን አድርጎ በበቅሎ መኪና ወደሚገባበት ወደ ቆሰበር ከተማ ያወጣዋል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ዳንግላ ይደርሰኛል። ሞልቼ እመልሳለሁ። በጋውን እንዲህ ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረንም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በረታ፤ ሠራተኞቹም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አቶ ሰሎሞን ሲሄዱ አያ ቢተውን ጠርተው «አደራ! የመንግሥት ንብረት ነው። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው፤ አንተም እንዳትነካው» አሉት። እኔ ዳንግላ ነበርኩ። የጠየቀኝ ሰው የለም።

በእኛ አገር አደራ ቀላል ቃል አይደለም። አያ ቢተው ባትሪውን ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ አስቀመጠና የበግ አጎዛ አለበሰው። ልጆቹ በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከለከለ። ሚስቱ እንኳ እህል ለማውጣት በጓሮ በኩል እየዞረች ትገባ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ባትሪው ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ ተከብሮ ኖረ።

ከመስቀል በኋላ ሠራተኞቹ ተመለሱ። ጀልባዋ ወጣች፤ ወረቀቱ ተዘረጋ፤ መስመር ግን የለም። የአገሩ ሰው ጥርባ መጨረሻ የለውም ብሎ ነው የሚያምን፤ ሐይቁን ከከበበው ገደል አፋፍ ተቀምጦ ሲጠባበቅ ነበር።

«ምን አገኛችሁ?» አለ አንዱ ከላይ።

«መሣሪያው ወለል አላገኘም!» አለ ከጀልባዋ ሠራተኞች አንዱ።

«እኛም ብለን ነበር» አሉና አፋፉ ላይ የነበሩት ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በማግስቱ የመሣሪያው መብራትም ጠፋ። ባትሪው ሞቶ ነበር። አቶ ሰሎሞን ቱግ አሉ። «ባትሪውን ለማን ሬዲዮ ነው ያከራየኸው?» ብለው አያ ቢተው ላይ በሰው ፊት ጮኹበት። ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አጣ። በገበያ ቀን ወሬው ቆሰበር ደረሰ፦ «አያ ቢተው አደራ በላ።»

ሴት ልጁ እንጉዳይ በጥር ልትዳር ታጭታ ነበር። የሙሽራው አባት አያ እንየው ሰው ላከ። «ከአደራ በላ ቤት ልጅ አልወስድም» አለ። አያ ቢተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ መውጣት ተወ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሊቀርብ ነው ሲባል እኔ ተጠራሁ። ካቦ ይርጋ የአሲድ መለኪያዬን ሰጡኝና «ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን ተው» አሉኝ።

ዳኝነቱ የተያዘው ከዝግባ ሥር ነው። መሐል የተቀመጡት ግራዝማች ታከለ ነበሩ። አያ ቢተው ኩታውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መሬት ያያል። ያ ግዙፍ ሰው ኩምትር ብሎ ሳየው አንጀቴን በላው።

ባትሪው መሐል ቀርቦ ነበር፤ ክዳኖቹን ከፈትኩ። ውሃው ጎድሏል፤ እርሳሱ አመድማ ነጭ ሆኗል፤ መለኪያው ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ፣ ድንጋይ የዋጠች ይመስል፣ ሰጠመች፤ ኃይሉ አልቋል ማለት ነው።

«ተሠርቶበት ነው የሞተው?» አሉ ግራዝማች።

«ተሠርቶበት ሳይሞላ ቢቀርም እንዲህ ይሆናል፤ ሳይነካ ክረምቱን ቢቀመጥም እንዲህ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ባትሪው አይነግረኝም» አልኩ። አያ ቢተው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ያየሁት ግን ያንኑ ብቻ ነው።

«ጠባቂ ያለው ነገር ዝም ብሎ አይሞትም» አለ አያ እንየው።

ሽማግሌዎቹ በአውንጊ ተመካከሩ። እናቴ አገው ናት፤ እሰማለሁ። የሚጨነቁት ስለ ሬዲዮው ነበር፤ ለምን ቢባል በዚያ አገር ሬዲዮ ያላቸው ግራዝማች ብቻ ናቸው። ደፍሮ የሚያነሣው ጠፋ። በመጨረሻ ግራዝማች ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሬዲዮ ያለኝ እኔ ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ የት ነው ያለው፣ አንተ ልጅ?»

«እኛ ጋራዥ ነው፣ ጌታዬ። ካቦ ይርጋ ፈተውት መግጠሙ አልሆንላቸው አለ።»

ሸንጎው ሳቀ። አቶ ሰሎሞን አልሳቁም። ግራዝማችም አልሳቁ፤ ሬዲዮው የሳቸው ነዋ።

«ይሄ ዕቃ ይበላል?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ይበላል። በየወሩ ዳንግላ መጥቶ መሞላት አለበት። ውሃም ይጠጣል።»

«ይህን ለቢተው ማን ነገረው?»

ግራዝማች ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «ጌታው፣ በቅሎ አደራ ሰጥተው ሣር እንዳታቀርብላት ብለው ቢሄዱ፣ ሲመለሱም ሞታ ቢያገኟት፣ ማን ገደላት ይባላል?»

አቶ ሰሎሞን ተነሡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ» አሉ። «አትንካ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ማንም ሳያዛቸው አንድ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና አያ ቢተው ፊት ጎንበስ አሉ። አያ ቢተው ብድግ ብሎ ድንጋዩን ተቀበላቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጌታዬ» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

ድንጋዩን ግን መሬት አላስቀመጠውም። ይዞት ወደ አያ እንየው ሄደና እጁ ላይ አኖረለት። አያ እንየው ድንጋዩን አየ፣ ሰውን አየ፣ ተሸከመው። በጥር ሠርጉን በላን።

ቆሰበር ድረስ ተጭኖ በመጣ አዲስ ባትሪ አቶ ሰሎሞን የሐይቁን ወለል አገኙ። የአገሩ ሰው ግን እውነቱን የተናገረው የመጀመሪያው ባትሪ ነው አለ።

ሰኔ ሲመለስ አቶ ሰሎሞን ባትሪውን እንደገና ለአያ ቢተው ሊሰጡ መጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። አያ ቢተው እጁን ኩታው ውስጥ አድርጎ ቆመ። «ምን ይበላል? መቼ ይጠጣል? ቢታመም ለማን ልንገር?» አለ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት አንድ በአንድ መለስንለት። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የዘረጋው።

በኋላ በራሴ ሱቅ ባትሪ ስሸጥ ኖሬያለሁ። የአያ ቢተውን ሦስት ጥያቄዎች ሳልመልስ ለማንም አልሰጠሁም። ባትሪ ተቀምጦም ይሞታል። ጠብቅ ያላችሁትን ሰው፣ እንዴት እንደሚጠብቅም ንገሩት።