ነጂብን ሆኜ የተጫወትኩበት ምሽት

ማክሰኞ ዕለት ምንም አልሆነም። ከማክሰኞ የምጀምረው ለዚህ ነው።

ጠዋት ወንድሜ ነጂብ ላሆህ ገዝቶ መጣ። ላሆህ የሱማሌዎች እንጀራ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ስስ ነው፣ ሻይ አፍስሰው ስኳር ነስንሰው ይበሉታል። ሀርጌሳ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን እንጀራ በስኳር ሲበላ ሳይ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል። ነጂብ ግን ለምዶታል። «አቦ ዝም ብለህ ብላ፣ ሆድ አገር የለውም» አለኝ። በላሁ። ከዚያ ሥራ ሄድን። እሱ ዲሽ ይሰቅላል፣ ሪሲቨር ያስተካክላል፤ እኔ ኬብል እሸከማለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው እሱ ጋ የመጣሁት።

ማታ 26 ጁን ሰፈር ወዳለችው ክፍላችን ተመለስን። ከመግሪብ በኋላ ነጂብ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና ድሬዳዋ ካለችው እህታችን ከሀናን ጋር በስልክ ኳስ ተጫወተ። አሸነፈችው። «ኔትወርኩ ነው» አለ። ሁልጊዜ ኔትወርኩ ነው።

ስለዚህ ጨዋታ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የቀረው አይገባችሁም።

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ልጆች ሳለን ከቤታችን ዝቅ ብሎ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረ። ቆርቆሮ ቤት፣ መስኮት የሌለው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ውስጡ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል። ነጂብ ሳይነሣ ይውል ነበር። በኋላ ባለቤቱ አዲስ ማሽን ሲያስገባ አሮጌውን ለነጂብ ሰጠው። ማሽኑ ሲዲ አላነብም ሲል በጀርባው እንገለብጠዋለን፣ ያኔ ያነባል። ሲዲው ሲጫጫር በጥርስ ሳሙና እናሸዋለን። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ሳሙናው ያልቅና እማ ትጮህብናለች።

ያ የኳስ ጌም የተጫዋቾችን ስም መቀየር ይፈቅዳል። ነጂብ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብሎ ቤተሰባችንንና ሰፈራችንን ቡድን አደረገው። በረኛው አባታችን ነው። አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ያኔ በሕይወት ነበረ። መሐል ተከላካይዋ እማ ናት፤ «እሷን ማን ያልፋታል?» አለ። እኔ ቀኝ ክንፍ ነኝ። ሀናን ገና መሄድ እየተማረች ግራ ክንፍ አሰለፋት። ዘጠኝ ቁጥር ራሱ ነጂብ ነው። ኳስ ከየትም ትነሣ፣ መጨረሻዋ ዘጠኝ ቁጥር ጋ ነው። ከሦስት ሜትር ጎሉ ባዶ ሆኖ እኔ ብቆም እንኳ ለራሱ ነው የሚያቀብለው።

እሱ ቀድሞኝ ሀርጌሳ ገባ። እኔ ስመጣ «ማሽኑን ይዘህ ና» አለኝ። ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተው። አማርኛ ይችላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጌም ነው።»

«አዲስ ነው?»

«አሮጌ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል።»

«ይሠራል?»

«ሲገለበጥ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው በዚህ በኩል ጫት ይዞ ያልፋል፣ ዱቄት ይዞ ያልፋል። አንተ የተገለበጠ መጫወቻ ይዘህ ትሰደዳለህ?»

«ወንድሜ አምጣልኝ ብሎ ነው።»

«ወንድምህ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ አምስት።»

«ሚስት አለው?»

«የለውም።»

«አይገርምም» ብሎ ቦርሳዬን ዘጋው።

ይህን ስነግረው ነጂብ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ለሰው ሁሉ እያስመሰለ ሲያወራው ከረመ።

ማሽኑ የሀርጌሳን አቧራ አልቻለም። ተገለበጠ፣ ተወለወለ፣ ሞተ። ነጂብ ግን ሜሞሪ ካርዱን ነቅሎ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ሄደና ቡድናችንን አወጣው። ኢሙሌተር የሚባል ነገር አለ። ስልክ ውስጥ ተቀምጦ አሮጌውን ማሽን ይመስላል፤ ጌሙም ይታለልና የድሮ ቤቱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ነጂብ ያንኑ ለሀናንም ላከላት። ከዚያ እሷ ገንደ ቆሬ ሆና፣ እሱ እዚህ ሆኖ፣ በኢንተርኔት ይጫወታሉ። ኔትወርክ ሲደክም ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሄዳሉ። ግን ያው ጌም ነው። ያው ሜዳ፣ ያው የተመልካች ጩኸት።

ይህ ነገር የኛ ብቻ ሕመም እንዳይመስላችሁ። አየር ማረፊያው አካባቢ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ዲሽ ሊያሰቅሉ ይጠሩናል። አንድ ጊዜ ክራባት ያሰሩ ትልቅ ሰው በነጂብ ስልክ ላይ ያን ጌም አዩና ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው «ምሳ ቀርቧል» ስትል «አንዴ፣ ይቺን ብቻ» አሉ። እንደ ልጅ።

እማ ጌም አይገባትም። ማታ ማታ ግን ሀናን አጠገብ ትቀመጥና የሜዳውን ጩኸት ትሰማለች። «እሱ ከተሰማ ልጄ ደኅና ገብቷል ማለት ነው» ትላለች። ይህን ያዙልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ዳሚ የሚባል ሰፈር ዲሽ ልንሰቅል ሄድን። ነፋስ ነበረ። የሀርጌሳ የበጋ ነፋስ እንደ ድሬ ነፋስ አይደለም፣ ሰው ይገፋል። ነጂብ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ታች ሆኜ ኬብሉን እለቅለት ነበር። ነፋሱ ዲሹን አነሣው። ነጂብ ዲሹን አልለቀቀውም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በአስር ሰዓት ላይ ቀበርነው። ሰው ብዙ ነበረ። የማያውቁት ሰዎች ተሸከሙት፣ የማያውቁት ሰዎች አፈር አለበሱት። ለዚህ ሱማሌዎቹን አመሰግናቸዋለሁ፣ ለጀናዛ አገሩን አይጠይቁም።

ከመቃብር እንደተመለስኩ አጎቴ ዩሱፍ ጋ ደወልኩ። የእማ ታላቅ ወንድም ነው፣ ድሬ ነው። ነገርኩት። ከዚያ «እዚህ ማን ያውቃል?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንዳይታወቅ። ነገ ከሱብሂ በኋላ ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ። እስከዚያ እንዳትደውልላት። እሷም ብትደውል እንዳታነሣ። ድምፅህ ይናገራል፣ አንዋር።»

«እሺ አጎቴ።»

«ብቻዋን አታገኘውም። በዚያ ጊዜ የሆነው አይደገምም።»

በዚያ ጊዜ ያለው የአባዬን ነው። አባዬ አዋሽ መንገድ ላይ ሲሞት አንድ የማናውቀው ሰው ስልኩን አንሥቶ የመጨረሻ የተደወለለትን ቁጥር ደወለ። እማ ቤት ብቻዋን ነበረች፣ የፈላ ሻይ ይዛለች። «የዚህ ስልክ ባለቤት ሞቷል» አላት። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመጣ መሬት ላይ ነበረች። እጇ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ደም ግፊቷም ከዚያ ወዲህ ነው። እና እኔ ከአስር ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት አንድ ሥራ ብቻ ነበረኝ፤ እማ ከሰው አፍ እንጂ ከስልክ እንዳትሰማ።

አከራያችን ኤዶ ፋዱማ ገባች። ኤዶ አክስት ማለት ነው፣ እዚህ ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው። በአገሯ ጦርነት ጊዜ ኢትዮጵያ ተሰዳ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ሩዝ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«እናትህ ምን አለች?»

«አልነገርናትም። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ያረዷታል።»

«ነገ? ልጅዋ ዛሬ ተቀብሮ?»

«ወጋችን ነው ኤዶ።»

«አውቀዋለሁ ወጋችሁን! እናንተ ሞትን እንደ ኮንትሮባንድ በጨለማ ነው የምታስገቡት። እኛ ሰው ሲሞት ለንደን ያለው ከጎረቤት በፊት ይሰማል።»

«የሚወድቅ ሰው ማን ይይዘዋል ታዲያ? ስልኩ?»

  ሩዙን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ብላ» አለችኝና ወጣች።

መግሪብ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ የነጂብ ስልክ ጮኸ። ሀናን ናት። መልእክት ነው።

«ፈራህ እንዴ? ና እንጂ!»

ስልኩ መሬት ላይ ሆኖ አየሁት። ደግማ ላከች። «እማ ዛሬ ለምን ዘገየ እያለች ነው።»

አነሣሁት። ነጂብ የሚጽፈውን ጻፍኩ፤ «ነይ አቦ።»

ጌሙ ተከፈተ። እሷ ሁልጊዜ ሌላ ቡድን ትይዛለች፤ ገንደ ቆሬ የነጂብ ነው። አሰላለፉ ሲወጣ ስሞቹ ተደረደሩ። አባዬ በረኛ። እማ። እኔ። ሀናን። ዘጠኝ ቁጥር NAJIB። ድምፁን ከፍ አደረግኩ፤ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ እማ ከእኔ ስልክ አይደለም የምትሰማው። ተመልካቹ ጮኸ።

መጫወት እችላለሁ። በቀኝ ይዤ እሮጣለሁ፣ ለእማ እመልሳለሁ፣ ለሀናን አሻግራለሁ። ዘጠኝ ቁጥር መሐል ላይ እጁን እያነሣ ይሮጣል። ጌሙ እንዲህ ነው የተሠራው፣ ነፃ የሆነ ተጫዋች እጁን ያነሣል። ጣቴ ወደሱ አልሄደም።

«ዛሬ ለራስህ ኳስ አትሰጥም እንዴ?» ብላ ላከች።

«ደክሞኛል።»

«ማነው የደከመው፣ አንተ ወይስ ዘጠኝ ቁጥሩ?»

 ጎል አገባችብኝ። ሌላ ጊዜ ትሳደባለች። አሁን ግን ጨዋታውን አቁማ እንዲህ ጻፈች፤

«አጎቴ ዩሱፍ ደውሎ ነበር። እማን ነገ ጠዋት ቀፊራ ገበያ እንዳትወጪ፣ ቤት ጠብቂኝ አላት።»

አጎቴ፣ አላህ ይስጠው፣ እሷን ብቻ ነበር ያሰበው። እማ በንጋት ገበያ ወጥታ ሰው ቤት አጥቷት እንዳይመለስ። ግን እኛ አገር ሽማግሌ «ነገ ጠዋት ቤት ጠብቂኝ» ካለ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሕፃን ያውቃል።

«እማ የሞተችው አክስቴ ዘሀራ ናት እያለች ነው። ጅግጅጋ ሆና ሕመሙ ብሶባት ነበር እኮ። ከአሁኑ እያለቀሰችላት ነው። አክስቴ ናት?»

ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበረ። አዎ ማለት እችል ነበር። አንዲት በሽተኛ አሮጊትን እስከ ንጋት መግደል ቀላል ነበር። አልጻፍኩም።

«አንዋር ነህ» አለች። የጥያቄ ምልክት አልነበረውም።

«አዎ።»

«ነጂብስ?»

ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ አጠፋሁ። የላክሁት ይህን ነው፤ «ዛሬ ከእማ አጠገብ እንዳትነሺ። አትጠይቂኝ።»

ምንም አልመጣም። ሜዳው ላይ ተጫዋቾቹ ቆመዋል። ስልኩን ጥላ ጮኸች ብዬ ጠበቅሁ። የእማ ድምፅ ድንበር ተሻግሮ የሚሰማኝ መሰለኝ። ተነሥቼ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ያቆመችውን ጨዋታ መልሳ ከፈተችው።

ሀናን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ የሜዳውን ጩኸት እየሰማች ነበር። ያ ጩኸት ከቆመ ትጠይቃለች። ስለዚህ አላቆመችም። አንዱ ጨዋታ አለቀ፣ ሌላ ከፈተች። እሱም አለቀ፣ ሌላ ከፈተች። አንድ ቃል አልጻፈችልኝም። ኳሱን ዝም ብላ ትይዛለች፣ ዝም ብላ ትመልስልኛለች፤ እኔም እመልስላታለሁ። ማንም ጎል አላገባም። በዚያን ጊዜ ፊቷን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻ «እማ ተኝታለች» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠፋች።

ሐሙስ ጠዋት ሱብሂን ሰግጄ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ እነ አጎቴ አሁን ደርሰው ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። አሁን አንኳኩ። አሁን አጎቴ «ተቀመጪ እስቲ» አላት። አሁን ሴቶቹ በሁለት በኩል ያዟት። ኤዶ ፋዱማ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ፀሐይ ወጥቶ ስልኬ ጠራ። አነሣሁ። መጀመሪያ ልቅሶው ነው የመጣው፣ ቤት ሙሉ ሰው። አልሐምዱሊላህ፣ ብቻዋን አይደለችም አልኩ። ከዚያ ጩኸቱ ራቅ አለ፣ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ የገባች ይመስለኛል።

«አንዋሬ።»

«እማ።»

«ማነው ገላውን ያጠበው?»

«እኔ ነኝ እማ። ከመስጊድ ሰዎች ጋር። ራሱንና እጁን እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። 

«ውሃው ሙቅ ነበር?»

ውሃው ከበርሚል የተቀዳ ነበር። በጆግ እያፈሰሱልኝ፣ እጄ እስኪደነዝዝ።

«ሙቅ ነበር» አልኳት።

«እሺ» አለች። «እሺ ልጄ።»