በቦ-ሩይ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራው ጥቅል

ቦ-ሩይ የጻፈው አንድ የፕሮግራም ጥቅል አለ፤ ታይፔይ ያለው ቢሮአችን በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ችግሩ ከቦ-ሩይ ኮምፒውተር በቀር የትም አልጫን ማለቱ ነው። ሚስቱና ትንሿ ልጁ ታይናን ናቸው፤ እሱ ግን ጥቅሉ ቅዳሜና እሁድም አንድ ችግር ስለማያጣው ከቢሮ አይወጣም። ወደ ታይናን ቅርንጫፍ ልዛወር ቢል አለቃችን እትዬ ሹ-ዪንግ፣ «ጥቅልህ በሌላ ሰው ማሽን ላይ የተጫነ ቀን ትሄዳለህ» ብለው ዘጉት። ደግ ሴት ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ድንጋይ ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ አዲሷ ባልደረባችን ዌን-ጢንግ ኮምፒውተሯን ለሙከራ ለቦ-ሩይ ሰጠችው። ሊጭን ሞከረ፤ ጥቅሉ እምቢ አለ። እትዬ ሹ-ዪንግ የስህተቱን መልእክት ሳያነቡ ማሽኑን ዞረው አዩት።

«አረንጓዴው ከረጢት የታለ?»

እኛ ዘንድ ማሽን እንዲታዘዝ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ ይቀመጥበታል፤ ማንም አይበላውም። ቦ-ሩይ ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ እንኳ ወደ ሱቅ ሮጠ። አረንጓዴው አልቆ ቢጫ ይዞ መጣ።

«ቢጫ? አንተ ልጅ፣ ታይናንን ጠልተሃታል እንዴ?» አሉት። ቢጫ ከረጢት ማሽን ያሳምማል ይባላል።

ሌላ ሱቅ ሄዶ አረንጓዴ አመጣ። ጥቅሉ አሁንም እምቢ አለ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ከረጢቱን ተወውና ምን እንደሚል አንብብ።»

አነበበ፤ ጆሮው ቀላ። ጥቅሉ ያለ ሌላ ትንሽ ጥቅል አይሠራም ኖሯል። ቦ-ሩይ ትንሹን ድሮ ለራሱ ጽፎ፣ የራሱ ማሽን ላይ በእጁ ጭኖ ረስቶታል፤ አብሮ መምጣት እንዳለበት የትም አልጻፈም። ጨመረው። ይኼኔ ሌላ ጠብ ተነሳ፦ ቀን የሚያሰላ ሦስተኛ ጥቅል አለ፤ ትንሹ የእሱን አሮጌ እትም ካልሰጣችሁኝ ይላል፣ ትልቁ አዲሱን። ቦ-ሩይ እየተራገመ ትንሹን አደሰና አስታረቃቸው። ከሰዓት በኋላ ተጫነ።

እትዬ ሹ-ዪንግ ከረጢቱን መታ መታ አድርገው፣ «አላልኩህም?» አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? «በል ሂድ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥህ።»

ሻንጣውን ላግዘው ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ። ታይናን ስንደርስ የቤቱን በር የከፈተችልን ልጅቱ ናት። አባቷን የምታውቀው በስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና ሮጣ የእናቷን ስልክ አመጣች።

«እማዬ፣ ለአባዬ ደውዪለት፤ ሰውዬ መጥቷል።»

ቦ-ሩይ ስልኩን ከኪሱ አወጣና እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ልጅቱ ወደያዘችው ስልክ ደወለላት።